በእንክብካቤ ተቋማት የዲኤንአር ደንብ የመንግሥት ወጪ እንዴት ይሰላል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በእንክብካቤ ተቋማት የዲኤንአር ትእዛዝን፣ ማለትም የነዋሪው ልብ ሲቆም ማነቃቂያ እንዳይሞከር የሚያዘውን የሐኪም ትእዛዝ፣ ሥርዓት ለማስያዝ ረቂቅ ደንብ እየተዘጋጀ ነው። የወጪ ግምቱን እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ረቂቁ ወጥ የሆነ ቅጽ፣ ከነዋሪው ጋር የሚደረግ ውይይትና ዓመታዊ ክለሳ ይጠይቃል። የኅትመትና የሥልጠና ወጪ ይዣለሁ፤ ሌላ ምን ልቁጠር? ሕክምናው በመቅረቱ የሚተርፈው ገንዘብ ይቀነስ የሚሉ ባልደረቦችም አሉ።

መልስ (በመጦሪያ የምትሠራ ነርስ)
ቅጹን እንደ ዋና ወጪ አይዩት፤ ገንዘቡ የሚሄደው በውይይቱ ላይ ነው። ነዋሪዋ የመርሳት በሽታ ካለባቸው በቅድሚያ የመወሰን አቅማቸው ይመዘናል። ከዚያ ልጆች ይጠራሉ። አንዱ ይስማማል፤ ሌላዋ በስልክ እያለቀሰች «እኔ ሳልመጣ እንዳትፈርሙ» ትላለች፤ ሐኪሙ ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ሌሊቱንም አይርሱት። ልብ ሲቆም አጠገብ ያለችው ተረኛ ረዳት ናት። ፋይሉ ቢሮ ውስጥ ተቆልፎበት ከሆነ አምቡላንስ ትጠራለች፤ የመጡትም ባለሙያዎች ትእዛዙን በዓይናቸው ካላዩ ደረት መጫን ይጀምራሉ። ስለዚህ ትእዛዙ በማንኛውም ሰዓት የሚገኝበት፣ ነዋሪው ሆስፒታል ሲሄድም አብሮ የሚሄድበት አሠራር በግምቱ ውስጥ ይግባ።

መልስ (የበጀት ባለሙያ)
መነሻውን ይለዩ። ደንቡ ባይወጣም የሚሠራውን ሥራ በደንቡ ላይ አይጫኑ። ቀጥሎ የነዋሪዎችን ቁጥር፣ ትእዛዝ ይኖራቸዋል ተብሎ የሚገመተውን ድርሻ፣ የውይይቱን ሰዓትና የባለሙያውን የሰዓት ደመወዝ ያባዙ። የመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፤ ነባር ትእዛዞች በሙሉ በአዲሱ ቅጽ ይጻፋሉና። ከዚያ በኋላ ከዓመታዊ ክለሳው ይልቅ አዲስ ከሚገቡ ነዋሪዎች ጋር የሚደረገው ውይይት ሊበልጥ ይችላል፤ ብዙ ነዋሪዎች ዓመት ሳይሞላቸው ያርፋሉ። ተቋሙ የሚያወጣው ወጪ በቀጥታ የመንግሥት አይደለም፤ ነገር ግን የአልጋውን ክፍያ የሚሸፍነው መንግሥት ከሆነ በቀጣዩ የዋጋ ክለሳ ይመጣበታል። ያው ወጪ በተቋሙም በመንግሥትም ዓምድ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር ይጠንቀቁ። የተቆጣጣሪዎች ደመወዝና የአቤቱታ ማጣሪያም አለ።
አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ ከታኅሣሥ 1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሜዲኬርና የሜዲኬይድ (መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያንና ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጣቸው የጤና መድኖች) ክፍያ የሚቀበሉ ተቋማት ለታካሚዎች የመወሰን መብታቸውን በጽሑፍ እንዲያሳውቁ በፌዴራል ሕግ ተገደዱ። ሜዲኬር ለውይይቱ ራሱ ለሐኪሞች የተለየ ክፍያ መስጠት የጀመረው ግን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ሰዓቱ ወጪ አልነበረም ማለት አይደለም፤ የወጪ መዝገብ ላይ ስም አልወጣለትም እንጂ።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)
ደንብ አለማውጣትም ያስከፍላል። በእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2014 (እ.ኤ.አ.) የዲኤንአር ውሳኔ ሲወሰን በመርህ ደረጃ ታካሚው ሊማከር እንደሚገባ ፈረደ። በኮቪድ ወቅት ትእዛዞች ለብዙ ሰዎች በጅምላ ተሰጥተዋል የሚል ስጋት ሲነሣ ደግሞ የጤናና የእንክብካቤ ተቋማትን የሚቆጣጠረው የእንግሊዝ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሪፖርት አወጣ። የክርክርና የምርመራ ወጪን «ደንቡ ባይወጣ» በሚለው አማራጭ ሥር ያስቀምጡ።

መልስ (ሐኪም)
«የሚተርፈው ገንዘብ» ይቅር። በመጦሪያ ልባቸው ቆሞ ማነቃቂያ ከተሞከረላቸው አረጋውያን የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው፤ ውድ የሆነው የጽኑ ሕሙማን ክፍል ቆይታም የሚመጣው ልባቸው ዳግም መምታት ለጀመረ ሰዎች ብቻ ነው። ደግሞም ትእዛዙ ማነቃቂያን ብቻ ይከለክላል፤ የሳንባ ምች ይታከማል፣ ሆስፒታልም ይገባል። ውይይቱ በወጉ ከተደረገ «ይሞከርልኝ» ብለው ትእዛዙን የሚያሰርዙ ይኖራሉ፤ ያኔ ቁጠባ ያላችሁት ወጪ ይሆናል። ይህን ስሌት ያየ ቤተሰብስ ሐኪሙን እንዴት ያምናል?

መልስ (የበጀት ባለሙያ)
በሐኪሙ አሳብ በግማሽ እስማማለሁ። ከድምሩ ይውጣ፤ ነገር ግን ለምን እንደወጣ በአንድ አንቀጽ ይጻፍ። ካልተጻፈ የገንዘብ ሚኒስቴር ሰዎች ራሳቸው ያሰሉታል።

ጠያቂ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዓመታዊ ክለሳው ቢቀር ወጪው ይቀንሳል?

መልስ (ነርሷ)
ክለሳው ነዋሪው ከሆስፒታል ሲመለስ፣ ሕመሙ ሲለወጥ ወይም ራሱ ሲጠይቅ ይሁን ብለው ሐሳብ ያቅርቡ። የእኛ ነዋሪዎች ከሆስፒታል ብዙ ጊዜ ስለሚመላለሱ ግን ሰዓቱ ይቀንሳል ብለው አይጻፉ።