ለአረፋ ኮምቦልቻ ይዤው የምወርደው ፕሌይስቴሽን ቱ፦ የትኞቹን ጌሞች ልያዝ?

የሸዋ በሩ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። አጎቴ የድሮ ፕሌይስቴሽን ቱ ሰጠኝ። ቀጭኑ ነው፣ ሁለት ጆይስቲክ አለው። እኔ ደሴ ነኝ፣ ለአረፋ ግን የምንሰበሰበው ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ነው። ከስምንት ዓመት ልጅ ጀምሮ እስከ ትልልቅ ሰው አለ፣ ሁሉም ደግሞ አንድ ሳሎን ውስጥ። ለእንዲህ ያለ ቤት የሚሆኑ፣ እናንተ የምትወዷቸው ጌሞች የትኞቹ ናቸው? ሌላው፣ የእግር ኳሱ ሲዲ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል። ሌንሱ ነው ወይስ ሲዲው? የእህቴ ቲቪም አዲስ ስለሆነ ቢጫ፣ ቀይና ነጩ ገመድ የሚሰካበት የለውም።

የፒያሳ ልጅ፦
አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ የእግር ኳሱን ጌም፣ ፔስ 6ን ያዝ። በ2006 የወጣ ነው፣ ከሱ በኋላ የመጡት ምስላቸው አምሯል እንጂ የኳሱ ስሜት እሱን አያክልም ባይ ነኝ። ኢንተር ሚላንን የያዘ ሰው አጥቂው አድሪያኖ አለው። የምት ኃይሉ 99 ነው፤ ከሳጥኑ ውጭ ወደ ግራ እግሩ አመቻችተህ የካሬዋን ቁልፍ ነካ ብቻ ካደረግካት በረኛው እያየ ትገባለች። ጀማሪ ግን ካሬዋን ይዞ ይቆያል፣ የምት ኃይሉን የሚያሳየው መስመር ከግማሽ አልፎ ሲሞላ ኳሷ ወደ ሰማይ ትሄዳለች። ለልጆቹ ይህቺን ብቻ አሳያቸው፣ በአንድ ከሰዓት ይለወጣሉ። ደግሞ ደንብ አውጡ፤ ኢንተርን ይዞ ያሸነፈ ቀጥሎ ሌላ ቡድን ይያዝ። አለበለዚያ ትልልቆቹ ከወንበር አይነሱም፣ ሕፃናቱ ሲያለቅሱ ይመሻል።

መልቲታፕ፣ ማለትም ብዙ ጆይስቲክ የሚሰካበት ማከፋፈያ፣ ካገኘህ ከሁለት ሰው በላይም ትጫወታላችሁ። ግን የወፍራሙ ፕሌይስቴሽን ቱ መልቲታፕ ለቀጭኑ አይገጥምም፣ ሳትሞክረው ብር እንዳትከፍል።

የሆጤዋ፦
የስምንት ዓመት ልጅ ካለ ሳን አንድሪያስንና ጎድ ኦፍ ዋርን ደሴ ትተሃቸው ውረድ። ሁለቱም የትልቅ ሰው ጌም ናቸው፣ ደሙም ሌላውም ብዙ ነው። ደግሞ ጎድ ኦፍ ዋር የአንድ ሰው ጨዋታ ነው፣ አንዱ ሲጫወት ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል።

ለልጆች የኔ ምርጫ ክራሽ ቲም ሬሲንግ ነው። የፕሌይስቴሽን ዋን ጌም ነው፣ 1999 የወጣ፣ ፕሌይስቴሽን ቱ ላይም ይሠራል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ይሽቀዳደማሉ፣ እየነዱ ሣጥን ይሰብራሉ፣ ከውስጡ የወጣውን ከፊት ባለው ላይ ይወረውራሉ። ሕጉን ማንም ሳያስረዳቸው ይገባቸዋል። ብስክሌት ከወደዱ ዳውንሂል ዶሚኔሽንም አለ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ሐረጎን የሚያውቅ የእኛ አገር ልጅ ቁልቁለቱን ይወደዋል።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ ሻዶው ኦፍ ዘ ኮሎሰስን ክፈቱ። በጣም ነው የምወደው። የአንድ ሰው ጨዋታ ቢሆንም ሳሎን ሙሉ ሰው አብሮ ያየዋል። አንድ ልጅ፣ አንድ ፈረስና 16 ግዙፍ ፍጥረታት፣ ሌላ ጠላት የለም። ሰይፉን ፀሐይ ላይ ከፍ ስታደርገው ብርሃኑ ይሰበሰብና መንገዱን ይጠቁምሃል። ግዙፉን ስታገኘው ፀጉሩን ይዘህ ትወጣለህ። እሱ ይወዛወዛል፣ አንተ የጉልበትህ መጠን እያለቀ ነው፣ ከኋላህ ያለው ሰው ሁሉ «ያዝ! እንዳትለቅ!» ይላል። እንግሊዝኛ ባይችሉም ችግር የለም፣ ንግግሩ ትንሽ ነው።

ጦሳ፦
ቴከን 5 እንዴት ይረሳል? እንግዳ ለበዛበት ቤት ከፔስ ይሻላል። አንድ ፍልሚያ ቶሎ ያልቃል፣ ተራ ቶሎ ይደርሳል፣ ምንም የማያውቅ ልጅም ቁልፎቹን ዝም ብሎ እየቀጠቀጠ ትልቁን ሊጥል ይችላል። በፔስ የሚችልና የማይችል ሲገናኙ 7 ለ 0 ነው።

የኮምቦልቻው ጠጋኝ፦
የሌንሱን ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ሞክር፤ ኦሪጅናል የፊልም ዲቪዲና የዘፈን ሲዲ። በውስጡ ለሲዲና ለዲቪዲ የተለያየ ሌዘር ነው ያለው፣ ስለዚህ አንዱን አንብቦ ሌላውን እምቢ ሊል ይችላል። ሁለቱንም ካነበበ ችግሩ ያንተ ሲዲ ነው። ኮፒ የተደረገ ሲዲ ብርሃን የሚመልሰው ከኦሪጅናሉ ያነሰ ስለሆነ የደከመ ሌንስ ይቸገርበታል።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። ከመብራት ንቀለው፣ ክዳኑን ክፈት፣ ሌንሷ እዚያው ትታያለች። የጆሮ ጥጥ በንጹህ አልኮል ትንሽ አርሰህ ሳትጫን አንዴ ዙርባት፣ ከዚያ ይድረቅ። ሽቶ የለም፣ ምራቅ የለም። «የሌዘሩን ኃይል ልጨምርልህ» የሚልህ ካለ ደግሞ እሺ አትበል። ለጥቂት ጊዜ ይሠራልህና ሌዘሩ ቶሎ ይቃጠላል።

ከደሴ ብርድ አውጥተህ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ እንደገባህ ወዲያው አታብራው። ሌንሱ ላይ ጤዛ ሊይዝ ይችላል፣ አንድ ሰዓት ያህል ተወው። አስማሚው ላይ የተጻፈውንም አንብብ። ከ100 እስከ 240 ቮልት ካለ ሰላም ነው፣ 120 ብቻ ካለ እኛ ግድግዳ ላይ እንዳትሰካው፣ ይነዳል።

ቲቪው ከኋላው ኤቪ የሚል አንዲት ትንሽ ክብ ቀዳዳ እንዳለው ይታይ። ካለች ከሱ ጋር የሚሄድ አጭር ገመድ አለ። ከሌለች ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን ትንሿን ሣጥን ግዛ። ከዚያ ቲቪው ላይ ጌም ሞድ የሚለውን አብራ፣ ካልሆነ ቁልፍ ተጭነህ ሰውዬው ዘግይቶ ነው የሚመታው።

የሸዋ በሩ (ጠያቂ)፦
አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሞከርኩት፣ ፊልሙንም ዘፈኑንም አነበበ፣ ስለዚህ ሲዲው ነው ማለት ነው። ፔስ፣ ክራሽና ቴከን አዲስ እፈልጋለሁ፣ ሻዶውንም። ጨዋታው የደረሰበትን የሚያስቀምጠው ሜሞሪ ካርድ ግን የለኝም፣ የግድ ነው?

የኮምቦልቻው ጠጋኝ፦
ለቴከንና ለአንድ ሁለት የፔስ ጨዋታ የግድ አይደለም። ሻዶውን ግን ያለሱ አትጀምር፣ መብራት አንዴ ብልጭ ካለ ከዜሮ ነው። ባለ 8 ሜጋባይቱ ይበቃሃል። የክራሹን ውጤት ግን አይዝልህም፤ የፕሌይስቴሽን ዋን ጌም የሚያስቀምጠው በራሱ በፕሌይስቴሽን ዋን ካርድ ላይ ነው፣ እሱም እዚያው ቀዳዳ ላይ ይሰካል።