«ነጭ አዳኝ» ሲባል፦ ያድናል ወይስ ያድናል?

ሐይቅ ዳር
ሰላም ለዚህ ቤት። ለደሴ የንባብ ማኅበር በተዘጋጀ ጽሑፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል፤ ሐሙስ ማተሚያ ቤት ይገባል። «የዱኑ ፖል አትረይዲስ የነጭ አዳኝ ትርክት ውስጥ ይገባል ወይ?» ይላል። መጽሐፉን ላላነበበ፦ «ዱን» ፍራንክ ኸርበርት በ1965 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ፖል ከሌላ ፕላኔት የመጣ የመስፍን ልጅ ነው። አባቱ ሲገደል ከእናቱ ጋር በረሃ ይገባል፣ ከበረሃው ነዋሪዎች ከፍሬመኖች ኑሮና ውጊያ ይማራል፣ በመጨረሻ መሪያቸው ሆኖ ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወርዳል። ጸሐፊው «ነጭ አዳኝ» ያለው፣ ፈረንጅ ጀግና መጥቶ ራሳቸውን መርዳት የማይችሉ ተደርገው የተሳሉ ሰዎችን ነጻ የሚያወጣበትን የታወቀ የታሪክ ቅርጽ ነው። ሳነበው ግን ፊቴ ላይ የመጣው ጠመንጃ ያነገተ ፈረንጅ ነው። «አዳኝ» እዚህ ቦታ ይቆማል? ካልቆመ ምን ይተካው?

ጦሳ
«አዳኝ»ን ብቻ አትክሰስ፤ «የ»ም አለበት። «የሰው ገዳይ» ስንል የሚሞተው ሰው ነው። በዚያው ሚዛን «የነጭ አዳኝ» ሲባል የሚድነው ነጩ ነው፣ ወይም የሚታደነው ነጩ ነው። ጸሐፊው «የ»ን ለ«ትርክት» አስቦ ነው ያመጣት፤ «ነጭ አዳኝ» አንድ ላይ ታስሮ «የ» በጠቅላላው ላይ እንዲያርፍ። አማርኛ ግን «የ»ን ከፊት ባገኘው ቃል ላይ ይለጥፋታል፣ አንባቢም ከዚያው ቃል ጋር ያነባታል። ቢያንስ «‹ነጭ አዳኝ› የሚባለው ትርክት» ቢባል አንዱ አሻሚነት ይቀንሳል። አዳኙ ራሱ ግን ያው ይቀራል።

ቦርከና
ሐይቅ ዳር፣ ያየኸው ጠመንጃ ከሜዳ አልመጣም። በቅኝ ግዛት ዘመን ኬንያ ውስጥ ሀብታም እንግዳ እየመሩ ዝሆንና አንበሳ የሚያስገድሉ ባለሙያ አዳኞች ነበሩ፤ መጠሪያቸው ቃል በቃል «ነጭ አዳኝ» ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ሁለት የተለያዩ የፈረንጅ ስያሜዎች አንድ ልብስ ለብሰዋል። ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ታሪክ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ባለጠመንጃው ነው።

ሸጋ
እኔ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው ባይ ነኝ። አዳኝ አራዊት ገድሎ ቤተሰቡን ከረሃብ ያድናል። «አደነ» ከ«አዳነ» የወጣ ይመስለኛል።

ዘዋድላ
ልጄ፣ ሥር የሚፈተነው በእርባታ ነው። «አዳነ» ላይ ያለችው «አ» አድራጊ ናት፤ ስታነሣት «ዳነ» ይቀራል፣ ራሱን ችሎ ይቆማል። «አደነ» ላይ ያለችው «አ» ግን የሥሩ ፊደል ናት፤ ብታነሺያት «ደነ» ይቀርሻል፣ ትርጉም የለውም። ተደራጊውንም እዪው፦ ሚዳቋዋ ታደነች እንላለን፣ በሽተኛው ግን ዳነ እንጂ ታደነ አይባልም። ንዑስ አንቀጹም ይለያል፤ አንዱ ማደን፣ ሌላው ማዳን። የሚገናኙት «ያድናል»፣ «አድኖ»፣ «አድን» እና «አዳኝ» ላይ ነው። እዚያ ስለተገናኙ ወንድማማች አይሆኑም።
በግእዝ ደግሞ ፈጽሞ አይተዋወቁም። የመዳኑ «ድኅነ» ነው፣ በብዙኃን ኀ። አድኀነ፣ ድኅነት፣ መድኅን፣ መድኃኒት ከዚህ ናቸው፤ «ደኅና ነህ?» የምንለውም ከዚሁ ነው። «መድኃኔ ዓለም» ላይ በሳልስ የሚጨርሰው «መድኃኒ» ሲናበብ በኃምስ ሆነ። አማርኛ ኀን ሲጥላት ድምፁ ወደ ራብዕ ተዘርግቶ «ዳነ» ቀረ። የአራዊቱን አዳኝ ግእዝ «ነዓዊ» ይለዋል። ከዚህ በኋላ የሥር ክርክር አያስፈልግም።

ጦሳ
የኔታ፣ በሥሩ እስማማለሁ። ግን የአራዊቱ አዳኝ ላይ «ዳ» ይጠብቃል፣ የነፍሱ ላይ ይላላል። እንደ «አደሰ፣ አዳሽ» ነው የአደኑ የሚሄደው። በአፍ ከሆነ ሐይቅ ዳር ባልተቸገረ ነበር፤ የተቸገረው ፊደላችን ጥብቀት ስለማይጽፍ ነው።

ቦርከና
ወሎ ውስጥ ሁሉም ሰው ያን ጥብቀት ይለያል ማለት ይከብደኛል። ፈጥኖ ሲነገር ሁለቱም ላልቶ የሚያልፍበት አለ።

ዘዋድላ
ፈጥኖ የተነገረ ምስክር አይሆንም። ቃል የሚመዘነው ተረጋግቶ ሲነበብ ነው። የመጻሕፍትን አማርኛ ውሰዱ፤ ዘፍጥረት 10፥9 ናምሩድን «ኃያል አዳኝ» ይለዋል፣ የአራዊቱን ማለቱ ነው። ሉቃስ 2፥11 ላይ ለእረኞቹ የተነገረው ግን «መድኃኒት» ነው። ተርጓሚዎቹ በዚያ ታላቅ ቦታ «አዳኝ»ን አልመረጡም።

ጦሳ
ያ ለጥብቀቱ መልስ አይሆንም፣ የኔታ። በጽሑፍ ስለመምረጥ ነው የነገሩን።

የመርሳ ልጅ
ስለ ፖል ሲወራ ዐረብኛውን ረሳችሁት። ኸርበርት ለፍሬመኖች የሰጣቸው ቃል አብዛኛው ከዐረብኛ ነው፣ ወሎ ላይ ደግሞ ያለ አስተርጓሚ ይሰማል። ሦስቱን ልጥቀስ።
«ሊሳን አል ጋይብ» ይሉታል። ሊሳን ያው ልሳን ነው፤ የቅኔ ቤቱም የመድረሳውም ሰው እኩል ይሰማዋል። ገይብ ከዓይን የተሰወረው ነው። የስዉሩ ምላስ ማለት ነው እንግዲህ።
«ሙአዲብ» የሚለው የትግል ስሙ በልብ ወለዱ የበረሃ አይጥ መጠሪያ ነው። በዐረብኛ ግን ሙአዲብ አደብ አስያዥ፣ መምህር ነው፤ «አደብ ግዛ» የምንለው አደብ ከዚያው ሥር ነው። ባዕዱ ልጅ አደብ ሊማር ገብቶ አደብ አስተማሪ ተባለ ማለት ነው፤ የነጭ አዳኝ ትርክት ሁልጊዜ የሚሄድበት መንገድ ይኸው ነው።
ሦስተኛው «መህዲ» ነው፣ ለዚህ ጥያቄ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ሥሩ የሂዳያ ነው። መሪው «ሃዲ» ነው፣ አድራጊ። «መህዲ» ተደራጊ ነው፣ የተመራ ማለት ነው። «አዳኝ» ብላችሁ ስትተረጉሙ ተደራጊውን አድራጊ አደረጋችሁት። በመጽሐፉ ደግሞ ፖልን የመራው ይታወቃል፤ ቤኔ ጄሰሪት የሚባሉት ሴቶች ከእሱ መወለድ ብዙ ዘመን በፊት ፕላኔት በፕላኔት እየዞሩ «ከውጭ የሚመጣ ነጻ አውጪ» የሚል ትንቢት ዘርተዋል። ይህንንም ያደረጉት ከመካከላቸው አንዷ አደጋ ላይ ብትወድቅ በትንቢቱ እንድትጠለል ነው። ከእነሱ አንዷ የሆነችው እናቱ ጄሲካ በረሃ ስትገባ የተጠቀመችው ያንኑ ነው።

ሸጋ
ሸኼ፣ ይሄ ከሥር ክርክሩ ሁሉ በለጠብኝ። እንግዲያ «አዳኝ ነኝ ባይ» ብንለውስ? «ነኝ ባይ» ውስጥ ትችቱ አብሮ አለ፤ ጠመንጃውም ይጠፋል።

ጦሳ
አይሆንም። «ነኝ ባይ» ጥፋቱን ገጸ ባሕርዩ ላይ ይጥላል፣ ራሱን የሾመ ሰው ያደርገዋል። በነጭ አዳኝ ትርክት ጀግናው ብዙ ጊዜ ትሑት ነው፤ «እኔ ማነኝ» እያለ ነው የሚነግሠው። ሹመቱን የሰጠው ደራሲው ነው። የአገሬውን ሰው ያለ ዕቅድ፣ ያለ መሪ፣ ያለ ብልሃት አድርጎ የጻፈው እሱ ነው። ትችቱ በአጻጻፉ ላይ ከሆነ ስያሜው ጀግናውን እንደ ቀጣፊ ማስመሰል የለበትም።

የመርሳ ልጅ
ፖል ደግሞ «ነኝ» አላለም፤ «ነህ» ተባለ። መጀመሪያ ይሸሸዋል፣ ምክንያቱም በራእዩ በስሙ የሚፈስሰውን ደም አይቷል። በኋላ ትንቢቱ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ይለብሰዋል። ለዚህ የሚሆን አማርኛ «ነህ የተባለ» ነው፤ መህዲንም በደንብ ይተረጉማል።

ቦርከና
ሌሎቹንም እንፈትሽ፣ ሐይቅ ዳር የሚተካ ቃል ነው የጠየቀው።
«ታዳጊ» ከታደገ ጥሩ ነው፣ ግን «ነጭ ታዳጊ» ያለ ሰው ፈረንጅ ጎረምሳ ያስመስላል፤ «ታዳጊ አገር»ም አለ። «ቤዛ» ፈጽሞ አይሆንም፤ ቤዛ ራሱን ከፍሎ የሚዋጅ ነው፣ የዚህ ትርክት ጀግና ግን ከፋይ አይደለም፣ ሌላው እየሞተለት ነው የሚያድን። «መድኅን» አንድ ጉድለት አለበት፦ ክብሩ ይበዛል፣ ዛሬ ደግሞ የኢንሹራንስ ስም ሆኗል። እኔ ወደ «ደራሽ» አደላለሁ። ድረሱልኝ ሲባል የሚመጣ ደራሽ ነው፤ ድንገት ወርዶ እርሻ የሚጠርገውም ደራሽ ጎርፍ ነው። ደጋ ላይ የዘነበው ቆላ ያለውን ይወስደዋል፣ ቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ። ፖል ይህንን ነው የሚመስል።

ሸጋ
ደራሽ ግን ተጠርቶ ይመጣል። ፍሬመኖች ማንን ጠሩ?

ጦሳ
አልጠሩም፤ ለመጽሐፉ የሚቆም ሰው ክርክሩን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፍሬመኖች ውኃ በድብቅ ያከማቻሉ፣ ፕላኔቷን ለማልማት በትውልድ የሚቆጠር ዕቅድ አላቸው፣ የንጉሡን ወታደር ያለ ፖል ይመክቱ ነበር። ረዳት አልባ ተደርገው አልተሳሉም።

ሸጋ
ዕቅዱን ማን አወጣው? ፓርዶት ካይንስ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላከ የፕላኔት አጥኚ፣ እሱም ባዕድ። ልጁ ሊየት ከፍሬመን እናት ተወልዶ ወረሰው። ስለዚህ ፖል ሳይመጣ በፊት ሌላ አዳኝ መጥቶ ነበር፤ ኸርበርት አንዱን አዳኝ እየተቸ ሌላውን ሳይነካ አልፎታል። በግልቢያውም እይው፤ ፍሬመኖች በበረሃው የሚኖረውን ግዙፍ የአሸዋ ትል ይጋልባሉ። ልጆቻቸው በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው የሚጀምሩትን ፖል ዘግይቶ ጀመረና በመጀመሪያ ቀኑ የመጣለት ትል ማንም ያላየው ግዙፍ ነው። የነጭ አዳኝ ጀግና ምልክቱ ይኸው ነው፤ የባለቤቱን ጥበብ ከባለቤቱ በልጦ ያውቀዋል።

ጦሳ
የትሉ ነገር ልክ ነሽ። ስለ ካይንስም ያልሽውን አላስተዋልኩትም ነበር።

ቦርከና
«ነጭ» የሚለውም ይፈተሽ። የፖል አባት መስፍን ሌቶ በመጽሐፉ ቆዳው የወይራ መልክ ያለው ነው፤ የአትረይዲስ ስም ከግሪኮቹ አትሬዎስ የመጣ ነው። መልኩን ይዘን «ነጭ አይደለም» ብንል ከጥያቄው እናመልጣለን እንጂ አንመልሰውም። «ነጭ» እዚህ የሥልጣን ቦታ ነው። አማርኛ ለዚህ «ፈረንጅ» የሚል ቃል አለው፤ ከፍራንኮች ስም በዐረብኛ በኩል የመጣ፣ ከመልክ ይልቅ ከየት እንደመጣ የሚናገር። «አዳኝ ፈረንጅ» ይሻላል።

የመርሳ ልጅ
ወሎ ላይ ይህ ቃል ከልብ ወለድ በፊት ሌላ ነገር ያስታውሳል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ኮረም የወጣው የረሃብ ፊልም ዓለምን አንቀሳቀሰ። ሰዉ የሚያስታውሰው የእንግሊዙን ዘጋቢ ድምፅ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ግን ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን ነበር። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ደግሞ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከ1966ቱ የወሎ ረሃብ የተነሣ የተቋቋመ የአገር መሥሪያ ቤት ነው። እህል የመዘነው፣ ሬሳ የገነዘው፣ የሰው ልጅ ያሳደገው አብዛኛው የዚሁ አገር ሰው ነበር። በፎቶው መካከል የቆመው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነው የዚህ ስያሜ ጥቅሙ። የመጣው ረድቷል፤ እሱን መካድ ኀጢአት ነው። ጥያቄው ታሪኩ የማን ሆኖ ተነገረ የሚለው ነው፣ ለፖልም ያው ነው፤ የፍሬመኖችን ጦርነት የምናየው በእሱ ዓይን ነው።

ዘዋድላ
ሸኹ የተናገሩት ይበቃል፣ እኔም እቀበለዋለሁ። በቃሉ ላይ ግን የዋድላ ቅኔ ቤት የሚያውቀውን ልጨምር። ሐይቅ ዳር ጉድለት ብሎ ያመጣው ኅብር ነው፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም የሚይዝበት። ይህ ሰው በመጀመሪያው መጽሐፍ አዳኝ ተባለ፣ ላልቶ። በ1969 እ.ኤ.አ. በወጣው ተከታይ መጽሐፍ በስሙ በተካሄደው ጦርነት የሞተውን ራሱ ሲቆጥር 61 ቢሊዮን ይላል፣ እዚያ አዳኝ ነው፣ ጠብቆ። ደራሲው ሁለት መጽሐፍ የፈጀበትን አማርኛ በአንድ ቃል ይዞታል። ሰሙ የሚያድነው፣ ወርቁ የሚያድነው ነው። ለምን ትለውጡታላችሁ?

ጦሳ
ስለዚህ ጥብቀቱ አለ ማለትዎ ነው፣ የኔታ?

ዘዋድላ
የለም ያልኩት መቼ ነው? ከፊትም የተከራከርኩት ፈጥኖ በተነገረ አይመሰከር ብዬ ነው።

ቦርከና
የማኅበሩ ጽሑፍ ግን ቅኔ አይደለም። የማኅበሩ አባል ሁሉ ሁለተኛውን መጽሐፍ አላነበበም፤ ወርቁን የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

ሐይቅ ዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አብሽሩ። ግን ሐሙስ ደረሰ። «አዳኝ ፈረንጅ»፣ «ነጭ ደራሽ»፣ «አዳኝ ነህ የተባለ»፣ ወይስ እንዳለ ልተወው?

ሸጋ
«ነህ የተባለ» በል።

ጦሳ
ለፖል ይሆናል፣ ለትርክቱ ስያሜ ግን አይሆንም። በሌሎቹ ታሪኮች «ነህ» የሚል ትንቢት የለም።

ዘዋድላ
ከሁሉ በፊት ጽሑፉ ላይ «ድህነት» ተብሎ የተጻፈ ካለ ፈልግና አርም። መዳኑ «ድኅነት» ነው፣ በብዙኃን ኀ። የማጣቱ «ድህነት» በሃሌታው ሀ ነው፣ «ደኸየ» ከሚለው።

የመርሳ ልጅ
«ደኸየ» በ«ኸ» አይደለም እንዴ፣ የኔታ?

ዘዋድላ
ቆይ፣ እሱን ለብቻው እናየዋለን።