የተጠራ ንስር ላይ ተቀምጦ መዋጋት ይቻላል? (ጥያቄና መልስ)

ጦሳ ስር (ጠያቂ)

ሰላም ጀመዓ። ደሴ ነው የምንጫወተው፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው በዳይስ የሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ ነው፣ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) አምስተኛ እትም። እኔ ዲኤም (የጨዋታው መሪ) ነኝ፣ ተጫዋቾቹ አራት ናቸው። ዓለሙን የሠራሁት ሰፈራችንን እያየሁ ነው፤ ታች ኮምቦልቻን የመሰለ የነጋዴ ከተማ፣ መሀል ላይ እንደ ሐረጎ የሚጠማዘዝ ዳገት፣ ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ የሽፍቶች ምሽግ።

አሁን ደረጃ 5 ደረሱና ድሩይዷ (የተፈጥሮ ድግምተኛዋ) "ኮንጁር አኒማልስ" የሚባለውን ድግምት አገኘች። ከዚያ ወዲህ ዳገት በእግር የሚወጣ ጠፋ። ሁለት ግዙፍ ንስር ልትጠራ ነው። አንዱ ላይ እሷ፣ ሌላው ላይ ተዋጊው ተቀምጠው ምሽጉን ከሰማይ ሊመቱ።

የተጠራ ፍጡር ላይ መቀመጥ ይፈቀዳል? ንስሩን የሚያዘው የተቀመጠበት ነው ወይስ የጠራችው? የሚንቀሳቀሰውስ በማን ተራ ነው? ድሩይዷ አየር ላይ እያለች ብትመታስ? ክርክሩ በአቦል ተጀምሮ በረካ ላይም አላለቀም። እርዱኝ።

ኮምቦልቻዊው ቀስተኛ

አብሽር፣ የመጀመሪያው ቀላል ነው። መጽሐፉ ለመጋለብ የሚጠይቀው፣ ፍጡሩ ፈቃደኛ ይሁን፣ ከጋላቢው ቢያንስ በአንድ መጠን ይብለጥ፣ ሰው ሊሸከም የሚችል አካል ይኑረው ነው። ግዙፉ ንስር ላርጅ (ትልቅ) ነው፣ ሰው ሚዲየም (መካከለኛ) ነው፤ አለቀ። ክብደቱም አያሰጋም። የንስሩ ጉልበት 16 ስለሆነና መጠኑ ላርጅ ስለሆነ እስከ 480 ፓውንድ ይሸከማል፣ ወደ 218 ኪሎ ማለት ነው። ተዋጊያችሁ ሙሉ የብረት ልብስ ቢለብስ እንኳ ልብሱ 65 ፓውንድ ነው።

መውጣትና መውረድ የፍጥነትህን ግማሽ ይበላል። 30 ጫማ የሚሄድ ሰው 15ቱን ለመውጣት ብቻ ያወጣል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ማን ያዘዋል ላልከው፣ ንስሩ ለድሩይዷ ይታዘዛል። ስለዚህ እኔ ብሆን እንደ ፈረስ ነበር የማየው። በጋላቢው ተራ ይሂድ፣ ይለቅ።

የአዝዋ ጉጉት

ቀስተኛው፣ የመጀመሪያው ላይ ልክ ነህ፣ የመጨረሻው ላይ ግን አልስማማም። መታዘዝ ሌላ፣ መገራት ሌላ። መጽሐፉ በጋላቢው ተራ የሚሄደውን ዓይነት የሚፈቅደው ሰው ለመሸከም ለተገራ እንስሳ ነው። ፈረስ፣ አህያና መሰሎቻቸው እንደተገሩ ይቆጠራሉ። አእምሮ ያላቸው ፍጡራን ግን በራሳቸው ይሄዳሉ። ግዙፉ ንስር ኢንተለጀንሱ (የማሰብ ችሎታው) 8 ነው፣ መናገር ባይችልም የጋራውን ቋንቋ ይሰማል። ልጓም የሚገባለት አይደለም።

ድግምቱ ራሱም እኮ ተናግሮታል። የተጠሩት እንስሳት በቡድን አንድ ኢኒሼቲቭ (የተራ ቅደም ተከተል የሚወስን ዳይስ) ይጣልላቸዋል፣ የራሳቸው ተራ አላቸው ይላል። ስለዚህ ሁለቱም ንስሮች አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ ከድሩይዷም ከተዋጊውም ተለይተው።

ይሄ ጥቅም አለው። የተገራ እንስሳ ላይ ስትሆኑ እንስሳው ማድረግ የሚችለው መሮጥ፣ ሳይመታ ማፈግፈግ ወይም ምትን መሸሽ ብቻ ነው፤ እነሱም ዳሽ፣ ዲስኢንጌጅና ዶጅ የሚባሉት ናቸው። በራሱ የሚሄድ ንስር ግን በመንቁሩም በጥፍሩም ይመታል።

ጉዳቱ ተዋጊው ላይ ነው። ተዋጊው በ18 ተራው ደረሰ እንበል፣ ንስሩ በ9። ተዋጊው ሲደርሰው ጠላቱ ገና ሩቅ ነው። ንስሩ ጠላቱ ጋ ሲያደርሰው ደግሞ ተራው አልፏል። ያለው ምርጫ "ስንደርስ እመታለሁ" ብሎ መዘጋጀት ነው። ይሄ ሪአክሽኑን (ከተራው ውጪ ያለችውን አንዷን ምላሽ) ይበላዋል፣ ደረጃ 5 ላይ ያገኘውን ሁለተኛ ምትም ያሳጣዋል፤ ምክንያቱም ኤክስትራ አታክ የሚሠራው በራስ ተራ ብቻ ነው። ቀስት ይዞ ቢቀመጥ ይሻለዋል። ከሰማይ ሆኖ በራሱ ተራ ሁለት ጊዜ ይወረውራል፣ ንስሩም የፈለገ ጊዜ ይሂድ።

አንድ ነገር ልጨምር። ንስሩ የሚሰማው የድሩይዷን ቃል ነው። ተዋጊው አንገቱ ላይ ተቀምጦ "ወደ ግራ!" ቢል ድግምቱ ታዘዘው አይለውም። የንስሮቹ ተራ ከመድረሱ በፊት አፍ አውጥታ ማዘዝ ያለባት እሷ ናት። ትእዛዙ አክሽን (የተራዋን ዋና ድርጊት) አይፈጅባትም። ዝም ካለች ራሳቸውን ከመከላከል ሌላ ምንም አያደርጉም። ርቀት አልተወሰነም፣ ግን መሰማት አለባት። ሁለቱ ንስሮች በጣም ከተራራቁ ዲኤሙ "ነፋስ ነው፣ አልሰማም" ቢል እኔ አልከራከረውም።

ኮምቦልቻዊው ቀስተኛ

የተዘጋጀ ምት አንድ ብቻ የመሆኑ ነገር ጥሩ ነጥብ ነው። ግን ጨዋታው ይንቀራፈፋል እኮ፤ ሰውየው በአንድ ቁጥር፣ የተቀመጠበት በሌላ ቁጥር። አዲስ ተጫዋች ይሄን አይወደውም።

ጋሽ ዳይስ

ልጆች፣ ሁለታችሁም የምትሉት ይገባኛል። ደንቡን እንዳለ ካነበብነው የጉጉቷ ንባብ ነው ትክክሉ። ጠረጴዛ ላይ ግን እኔ አማራጭ እሰጣለሁ። ውጊያው ሊጀመር ሲል ጋላቢው ይመርጣል። ወይ ንስሩ በራሱ ተራ ይሄዳል፣ ይመታል። ወይ ወደ ጋላቢው ተራ ይመጣል፣ ያኔ ግን ምት የለውም፤ ሦስቱ አክሽኖች ብቻ። ውጊያው እስኪያልቅ መቀየር የለም። ይሄ የመጽሐፍ ደንብ ሳይሆን የቤት ደንብ ነው፤ ስለዚህ ዳይስ ከመወርወሩ በፊት ንገራቸው።

ትልቁ ጉዳይ ግን የመጨረሻው ጥያቄህ ነው። ኮንጁር አኒማልስ ኮንሰንትሬሽን (ያልተቋረጠ ትኩረት) ይፈልጋል፣ እስከ 1 ሰዓት። ድሩይዷ በተመታች ቁጥር ሴቭ (የመቋቋሚያ ዳይስ) ትጥላለች። የሚያስፈልጋት 10 ወይም የደረሰባት ጉዳት ግማሽ ነው፤ የሚበልጠው። በአንድ ምት 24 ቢደርስባት 12 መድረስ አለባት ማለት ነው። ሴቩን ወደቀች? ሁለቱም ንስሮች እዚያው ጠፉ፤ ቀስ ብሎ መውረድ የለም።

መውደቅ በየ10 ጫማው አንድ ባለ ስድስት ጎን ዳይስ ነው፣ ጣሪያው 20 ዳይስ። ከ80 ጫማ ቢወድቁ 8 ዳይስ፣ በአማካይ 28 ጉዳት። ደረጃ 5 ተዋጊ ተርፎ መሬት ላይ ይዘረጋል። ቀድማ የቆሰለች ድሩይድ ግን ላትተርፍ ትችላለች። ንስሩ ራሱም 26 የሕይወት ነጥብ ብቻ ነው ያለው፤ ዜሮ ሲደርስ ይጠፋል፣ ጋላቢው ይወድቃል።

ስለዚህ ሽፍቶችህ ቀስት ካላቸው ማንን እንደሚያነጣጥሩ አስብ። ብልህ አለቃ ድሩይዷን ነው የሚያስመታው። ይሄ ፍትሐዊ ነው፤ ግን ተጫዋቾቹ አደጋውን አውቀው ይግቡበት። በመጀመሪያው በረራ ሳትነግራቸው 200 ጫማ ላይ ብትጥላቸው ጨዋታውን ሳይሆን አንተን ነው የሚጠሉት።

ጦሳ ስር

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ የቤት ደንብዎን ወስጃለሁ። አንድ የቀረኝ፤ ንስር ቢገፋ ወይም ቢጠለፍስ? ያው ጠንቋይ አላቸው ሽፍቶቹ።

የአዝዋ ጉጉት

ንስሩ ያለ ፈቃዱ ከተገፋ ጋላቢው የዴክስተሪቲ (የቅልጥፍና) ሴቭ ይጥላል፣ 10 ይበቃዋል። ከወደቀ ንስሩ አጠገብ በ5 ጫማ ውስጥ ይዘረጋል ይላል፤ አየር ላይ "ይዘረጋል" ማለት ቁልቁል መሄድ ነው። ጋላቢው ራሱ ተመትቶ ቢጠለፍም ያው ሴቭ ነው።

በነገራችን ላይ ከንስር ይልቅ ግዙፍ ጉጉት አስቡበት። (በስሜ ምክንያት አይደለም!) ቻሌንጅ ሬቲንጉ (የአደገኝነት ደረጃው) አንድ አራተኛ ስለሆነ በዚያው ድግምት ስምንት ይመጣሉ። አራቱ እናንተን ይጭናሉ፣ አራቱ ይተርፋሉ። እሱም ላርጅ ነው፣ 390 ፓውንድ ይሸከማል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጠላት አጠገብ በርሮ ሲያልፍ መልስ ምት አይቀሰቅስም። ንስር ይሄ የለውም። ደካማ ጎኑ ሕይወቱ 19 ብቻ መሆኑ ነው። ለዲኤሙም ስምንት እንስሳ ማንቀሳቀስ ራስ ምታት ነው፤ ስለዚህ የተረፉት አራቱ አይዋጉም ብላችሁ ተስማሙ።

ኮምቦልቻዊው ቀስተኛ

ፍጥነቱን ግን አትርሺ። ንስር በአንድ ዙር 80 ጫማ ይበራል፣ ጉጉት 60። ዙር 6 ሰከንድ ነው። ሳይሮጡ ቢበሩ ንስሩ በሰዓት ወደ 14.6 ኪሎ ሜትር፣ ጉጉቱ ወደ 11 ይሄዳል። ከኮምቦልቻ ደሴ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአየር ግን ግማሹ ያህል። ካርታህ እውነተኛውን መንገድ ከተከተለ ንስሩ ይደርሳል፤ ሰዓቱ ግን ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ነው የሚደርሰው። ጉጉቱ ደግሞ ምሽጉ አፋፍ ላይ ሊጠፋባችሁ ይችላል። እኔ ብሆን ግማሹን ዳገት በእግር ወጥቼ ነበር የምጠራው።

ላሊበላ ላይ የቀረ ፓላዲን

ጣልቃ ልግባ። "ፋይንድ ስቲድ" (የፓላዲን ፈረስ መጥሪያ ድግምት) በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ይገባል? እኔም ፈረስ ልጠራ ነው።

ጋሽ ዳይስ

ያንተ ይሻላል፣ ልጄ። ኮንሰንትሬሽን የለውም፤ እስክታሰናብተው ወይም ዜሮ እስኪደርስ ይቆያል። ራስህ ላይ ብቻ የምትጥለውን ድግምት ለፈረሱም እንዲደርስ ማድረግ ትችላለህ። በ2014ቱ ለመጥራት 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ በ2024ቱ አንድ አክሽን። አዲሱ እትም የእናንተን ክርክርም ዘግቶታል፤ ፈረሱ በጋላቢው ኢኒሼቲቭ ይሄዳል፣ ስትጋልበው እንደ ተገራ ይቆጠራል ብሎ በግልጽ ጽፏል።

በ2024ቱ ግን ኮንጁር አኒማልስ ራሱ ተቀይሯል። አሁን የሚመጣው የመንፈስ መንጋ ነው እንጂ የሚጋለብ እንስሳ አይደለም። እትም ከመቀየራችሁ በፊት ድሩይዷ ትወቅ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣው "ሰመን ቢስት"ም አያድናትም፤ የሚጠራው መንፈስ መጠኑ ስሞል (ትንሽ) ነው፣ ማንንም አይሸከምም።

ቦርከና ማዶ

ፓዝፋይንደር (ሌላ ተመሳሳይ ጨዋታ) ሁለተኛ እትም ለምትጫወቱ ብቻ፦ እዚያ የተጠራ እንስሳ በየተራው አንድ አክሽን ከፍላችሁ ካላቆያችሁት ይጠፋል፣ ቢበዛም 1 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ለውጊያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

የጦሳ ስሯ ድሩይድ

እኔ ነኝ የተባልኩት ድሩይድ 😄 ራሴ ቅርፄን ቀይሬ ንስር ብሆንስ? ተዋጊውን ተሸክሜ?

የአዝዋ ጉጉት

ደረጃ 8 ሳትደርሺ የሚበር እንስሳ መሆን አትችይም፣ እህቴ። ለጊዜው የምትፈልጉት "ፌዘር ፎል" (መውደቅን የሚያዘገይ ድግምት) ያለው ዊዛርድ ወይም ባርድ ነው፤ ሁለቱም ድግምተኞች ናቸው። ሪአክሽን ነው፣ እስከ አምስት ሰው ያድናል፣ በዙር 60 ጫማ ብቻ ያወርዳችኋል። ርቀቱ ግን 60 ጫማ ስለሆነ እሱም አብሮ መብረር አለበት።

ጦሳ ስር

ገባኝ። ቅዳሜ የማነበው ይሄ ነው፤ የጋሼ የቤት ደንብ፣ ማዘዝ የድሩይዷ ብቻ፣ ሽፍቶቹ አራት ቀስተኛ እንዳላቸው ደግሞ ከታች ሆነው ያያሉ። ዊዛርድ የለንም። ደሴ ያለ፣ ዊዛርድ መጫወት የሚወድ ሰው ካለ አንድ ወንበር አለን፤ ዳይስ ባይኖረውም ችግር የለም፣ ፌዘር ፎልን ግን መርጦ ይምጣ።