ከመዳብ ወደ ፋይበር ስንዞር ፋክሱ ሁለተኛ ገጽ ላይ ይቋረጣል

የቢሯችን ሦስት የመዳብ መስመሮች ተነስተው ፋይበር ገባ። ፋክሱ አሁን የተያያዘው በአናሎግ አዳፕተር (የድሮ ስልክና ፋክስን ከኢንተርኔት ስልክ ጋር በሚያገናኝ ሳጥን) ነው። መብራት ሲጠፋ ስልኩም አብሮ መጥፋቱን በዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) ፈታሁት፤ የንግግር ጥራቱም እንከን አይወጣለትም። ፋክሱ ግን አንድ ገጽ ልኮ ሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ላይ ቀጥ ይላል።

ኮዴኩን (ድምፁ ወደ ዲጂታል የሚቀየርበትን ስልት) ድምፅን ከሚጨምቀው ጂ.729 ወደ ጂ.711 ቀየርኩ (የተጨመቀ ድምፅ የሞደም ምልክትን ያበላሻል)፣ የፋክሱን ፍጥነት ከ14400 ወደ 9600 ቢት በሰከንድ አወረድኩ፣ ኢሲኤምን (የፋክሱን ስህተት ማረሚያ) እና ኢኮ ካንስለሩን (የገደል ማሚቶ ማጥፊያውን) አጠፋሁ። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ቲ.38 (ፋክስን በኢንተርኔት መስመር ለመላክ የተዘጋጀ ደንብ) አዳፕተሩ ላይ ተከፍቷል፤ ሎጉ ላይ ግን ጥሪው ወደ ቲ.38 ሊሻገር ሲል ከወዲያኛው ወገን 488 (ጥያቄውን አልቀበልም የሚል የስህተት ኮድ) ይመለሳል።

ቲ.38ን ዘግቼ በጂ.711 ብቻ ብቀጥል፣ አሥር ገጽ ሳይቆረጥ እንዲያልፍ የጂተር በፈሩን (የድምፅ ፓኬቶች ሲዘገዩ የሚያስተካክለውን ማቆያ) ስንት ሚሊሰከንድ ላይ ቋሚ ላድርገው?