«ሜዳ ጥለው ወጡ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጉለሌ፦ ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። ስለ ሚያዝያ 29 ቀን 1987ቱ ምርጫ እያወሩ። አቅራቢው «ተቃዋሚዎች ሜዳ ጥለው ወጡ» አለና ዘፈን ከፈተ። በቃ? ታሪኩ ይቺው ናት?

የደሴ ልጅ፦ ምኑ ነው ያናደደህ? መአህድ፣ የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅት፣ አልገባም። ኦነግ አልገባም። የእነ ዶክተር በየነ ጴጥሮስ የደቡብ ድርጅቶች ስብስብም አልገባም። ታዲያ ምን ይበል?

ጉለሌ፦ የመአህዱ መሪ የት ነበሩ? ፕሮፌሰር አሥራት ያኔ እስር ቤት ናቸው። ከእስር ቤት ሆኖ ሜዳ የሚጥል ሰው አይቼ አላውቅም።

ሻይ በሎሚ፦ 😂 የደቡብ ድርጅቶችስ? በ1985 ከፓሪሱ የተቃዋሚዎች ስብሰባ በኋላ ከሽግግሩ ምክር ቤት ተባረሩ። ተባረረና ጥሎ ወጣ አንድ ቃል ሆነ እንዴ?

የደሴ ልጅ፦ ከምክር ቤት መባረር ሌላ፣ ምርጫ አለመግባት ሌላ። አታምታቱ። ኦነግ በ1984 የክልሎች ምርጫ ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው የወጣው በራሱ እግር ነው።

ሻይ በሎሚ፦ ቢሮዬ ተዘጋ፣ ሰዎቼ ታሰሩ እያለ ነዋ! አንተ ብትሆን ትቆይ ነበር?

የደሴ ልጅ፦ እቆያለሁ።

ሻይ በሎሚ፦ ጀግናው!

ቨርጂንያ፦ ሰላም ናችሁ። የ1995ቱን ምርጫ ነው አይደል የምታወሩት?

ጉለሌ፦ 1987 በል ወንድሜ። በ1995 እዚህ ምርጫ አልነበረም።

ቨርጂንያ፦ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ምን ያስቆጣል?

የቀበናው፦ ልጆች፣ እኔ በ1979 ለሸንጎም፣ ለደርግ ዘመኑ ፓርላማ፣ መርጫለሁ። ዕጩ ሦስት፣ ፓርቲ አንድ፣ እሱም ኢሠፓ። በ1987 ብዙ ስም ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ኢሕአዴግን የሚገዳደር አንድም የማውቀው ስም የለም።

ጉለሌ፦ ጋሼ ጨረሱት። «የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ» የተባለው እንግዲህ ይኼ ነው።

የደሴ ልጅ፦ ባዶ ያደረጉት እነማን ሆኑና? በ1997 ሲገቡ አላየህም? የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበር ጠራርጎ ወሰደ። መግባት ይቻል ነበር ማለት ነው።

ሻይ በሎሚ፦ ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ። የ10 ዓመት ልዩነት አለ እኮ። ደግሞ ወሰደና ከዚያስ?

የደሴ ልጅ፦ ከዚያማ ብዙዎቹ ፓርላማ አንገባም አሉ። ሜዳ ጥለው...

ጉለሌ፦ አሁንም ሜዳ! መሪዎቹ ቃሊቲ ገቡ በል እንጂ።

የደሴ ልጅ፦ ቅደም ተከተሉን አስተካክል። መጀመሪያ አንገባም አሉ፣ ከዚያ ነው የታሰሩት።

ጉለሌ፦ አንተ ሬዲዮ ላይ ነው እንዴ የምትሠራው?

የቀበናው፦ ለመሆኑ ፕሮግራሙ ይደገማል?

ጉለሌ፦ ማታ 2 ሰዓት ብለዋል።

ቨርጂንያ፦ በእናንተ ነው በእኛ?