ጄት ሞተር የተጫነበትን የእሳት ማጥፊያ ታንክ በሞዴል ለመሥራት እርዳታችሁን እፈልጋለሁ

የክበቡ መምህር፦
ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሳይንስ ክበባችን ልጆች ጋር «ታላቁ ነፋስ» በሚል ስም የታወቀውን የሃንጋሪዎች የእሳት ማጥፊያ ታንክ በሞዴል ለመሥራት ተነሥተናል። ለማያውቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1991 የኢራቅ ጦር ከኩዌት ሲወጣ ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጥሎ ነበር። ሃንጋሪዎቹ የአሮጌ ቲ-34 ታንክ አናት ከነመድፉ አውልቀው በቦታው ሁለት የሚግ-21 ተዋጊ ጄት ሞተሮች ጫኑበትና ወደዚያ ላኩት። ከሞተሮቹ የሚወጣው ነፋስ ከላያቸው ከሚረጨው ውኃ ጋር ተቀላቅሎ እሳቱን ያጠፋ ነበር።

ሦስት ነገር ቸግሮናል። ተማሪዎቼ «ከሰል ሲራገብ ይፋፋማል እንጂ መቼ ይጠፋል?» ብለው ጠየቁኝ፤ የመለስኩላቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። ሁለተኛ፣ የተዘጋጀ ሞዴል መግዛት ስለማንችል የምንሠራው በካርቶንና በእንጨት ነው፤ ልኩንና በተለይ ሰንሰለቱን እንዴት እናድርገው? ሦስተኛ፣ መንገድ ዳር የቆመ ዝገት የበላው ታንክ ፎቶ አንሥቻለሁ። በእያንዳንዱ ጎን አምስት ጎማ አለው፤ የፊተኛው ከሚቀጥለው ራቅ ብሎ ለብቻው ቆሟል። ቲ-34 ይሆን? ከሆነ ልጆቹን ይዤ ሄጄ እለካዋለሁ።

የቀድሞ የታንክ መካኒክ፦
መምህር፣ እባክዎ ልጆቹን ይዘው አይሂዱ። ውስጡ ጥይት ሊኖር ይችላል፤ ዙሪያውም ፈንጂ ሊኖርበት ይችላል። እኔ በሥራ ዘመኔ ከአዲስ ጥይት ይልቅ የዛገውን እፈራ ነበር፤ ምን ሲነካው እንደሚፈነዳ አይታወቅምና።

ደግሞም የነገሩን ታንክ ቲ-34 አይደለም፤ ቲ-55 ወይም ታላቅ ወንድሙ ቲ-54 ነው። ሁሉም አምስት አምስት ጎማ ስላላቸው ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፊተኛው ጎማ ተነጥሎ መቆሙ የቲ-54 እና የቲ-55 ምልክት ነው። ፎቶውን መልሰው ይመልከቱ፦ የቲ-34 አካል ከሰንሰለቱ በላይ እንደ ጣሪያ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ የእነዚህ ግን እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ለመለካት መሄድ አያስፈልግዎትም። አንድ ለአሥር ቢሠሩት ሒሳቡ ይቀልላል። የቲ-34 አካል ርዝመቱ 6.1 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ነው፤ ስለዚህ 61 በ30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አናቱ የሚቀመጥበት ክብ ቀዳዳ በኋላ በወጣው የቲ-34 ዓይነት 1.6 ሜትር ስለሆነ 16 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። የጎማው ዲያሜትር 83 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የሚግ-21 ሞተር 4.6 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ውፍረቱም 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በገበያ 90 ሚሊ ሜትር የሚባለው የፕላስቲክ ቱቦ ልክ ይሆንልዎታል።

ሞዴል ሠሪ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ስለ ሰንሰለቱ እኔ ልናገር፤ ብዙ ሞዴል የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። የቲ-34 ሰንሰለት በአንድ ጎን 72 ቅጠል አለው፤ ጥርስ ያለውና የሌለው እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። በእናንተ ልክ እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 17 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። ከወፍራም ካርቶን ቁረጡና ከአሮጌ የመኪና ካላማዳሪ በወጣ ቀጭን ጎማ ላይ ለጥፏቸው፤ በቅጠሎቹ መካከል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት ካልተዋችሁ አይታጠፍላችሁም። ከላይ የሚደግፈው ትንሽ ጎማ ስለሌለ ሰንሰለቱ ረገብ ብሎ በትልልቆቹ ጎማዎች ላይ መተኛት አለበት። ወጥራችሁ ካሰራችሁት አሻንጉሊት ይመስላል።

ሰዎቹንም አትርሷቸው። ሥራው የሦስት ሰው ነበር፦ ሾፌሩ ታንኩ ውስጥ፣ ሞተሮቹንና ውኃውን የሚቆጣጠረው ከኋላ ባለችው ጎጆ፣ አለቃው ደግሞ ከውጭ በእግሩ እየሄደ ይመራቸዋል። ያ በእግሩ የሚሄደው ሰው ካልተጨመረበት የማሽኑ ግዝፈት አይታይም። 17 ሴንቲ ሜትር አድርጉት።

የነዳጅ መሐንዲስ፦
የልጆቹ ጥያቄ ትልቅ ጥያቄ ነው። ከሰል ጠጣር ነው፤ ፍሙ ሙቀቱን እንደያዘ ቦታው ላይ ይቆያል፣ ነፋሱም ኦክስጅን ያቀብለዋል። የጉድጓድ እሳት ግን እንደ ጧፍ ነው። የሚነደው በአየር ላይ ያለው ጋዝና ተን ስለሆነ፣ ነፋሱ ከበረታ ነበልባሉን ከምንጩ ገፍቶ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ዙሪያው ያለው የጋለ ብረት እንደገና እንዳያቀጣጥለው ውኃ ያስፈልጋል። በኩዌት በረሃ ውኃው የመጣው ነዳጅ ወደ ባሕር ይወስዱ በነበሩ ቧንቧዎች የባሕር ውኃ ወደ ኋላ እየተገፋ ነው። ይህን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

የገበሬ ልጅ ከአርሲ፦
ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። ታንክ ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ ትራክተር አድርጎ ማረስ አይቻልም?

የቀድሞ የታንክ መካኒክ፦
ልጄ፣ ተሞክሯል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1947 በታንጋኒካ፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ፣ ሰፊ የለውዝ እርሻ ሲጀምሩ ትራክተር አጡ። ቪከርስ የተባለው ፋብሪካ የሼርማን ታንኮችን ወደ ትራክተር ቀየረ፤ ሁለቱን ስሞች አጋጥመውም «ሼርቪክ» አሉት። እርሻው በተጀመረበት በኮንግዋ የጠበቃቸው ግን ዝናብ ሲያጣ እንደ ጡብ የሚደርቅ አፈርና ጥልቅ ሥር ነበር። ማሽን ይሰበራል፣ መለዋወጫ የለም። እ.ኤ.አ. በ1951 እርሻው ሲተው 36 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጠፍቶበት ነበር። ጥፋቱ የታንኩ ብቻ አይደለም፤ አፈሩንና ዝናቡን ቀድሞ ያጠና አልነበረም። ቢሆንም ለማሳ 500 የፈረስ ጉልበት ያለው የቲ-34 ሞተር የሚጠጣውን ናፍጣ አባትህ አይችሉትም። ታንክ የሚያዋጣው ክብደቱና ብረቱ ራሱ በሚፈለግበት፣ እንደ እሳት ባለ ቦታ ነው። ለእርሻ ከታንኩ ይልቅ ታንኩን የጠገነው እጅ ይጠቅማል፤ ቢሾፍቱ ታንክ ይታደስበት የነበረው ፋብሪካ በኋላ አውቶቡስ ገጣጥሟል።

የክበቡ መምህር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶውን መልሼ አየሁት፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው። ወደዚያ አንሄድም።

ትናንት በክፍል ውስጥ ሞከርነው። በቱቦው ጫፍ የኮምፒውተር ማራገቢያ ብናስር የጧፉ ነበልባል ዘንበል አለ እንጂ አልጠፋም። በጸጉር ማድረቂያ በቀዝቃዛው ስንነፋ እልም አለ። ከክሩ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አንዷ ተማሪ ክብሪት ጭራ ወደ ጭሱ አስጠጋችው፤ እሳቱ በጭሱ ላይ ወርዶ ጧፉ እንደገና በራ። «ለካ ውኃው ለዚህ ነው!» አለች። አሁን የቀረን ውኃውን ከጸጉር ማድረቂያው ኤሌክትሪክ አርቀን የምንረጭበት ዘዴ ነው።

የነዳጅ መሐንዲስ፦
ውኃ ከዚያ ማድረቂያ አጠገብ አይድረስ። ማድረቂያውን ትታችሁ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ተጠቀሙ፤ ውኃውን ደግሞ አንድ ተማሪ ከጎን በአበባ ውኃ መርጫ ይርጨው።