ወንድሜ ጥፋተኛ ተባለ፤ ለቅጣት ማቅለያ ምን ይዤ ልቅረብ?

ሕግ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። ታናሽ ወንድሜ በጠብ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት አድርሶ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 555 ተከሶ ነበር። ሐሙስ ዕለት ጥፋተኛ ተባለ። አንቀጹ ከ1 ዓመት ከማያንስ ቀላል እስራት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ዳኛው የቅጣት አስተያየት እንድናቀርብ ለሳምንት ቀጥረውናል። መንግሥት ያቆመለትን ተከላካይ ጠበቃ ደጋግሜ ብፈልጋቸውም ፋይል በዝቶባቸው አላገኘኋቸውም።

ወንድሜ ከዚህ በፊት ተከሶ አያውቅም። የተጎጂውን የሕክምና ወጪ ከፍለናል፤ በሽማግሌም ታርቀናል። እርቁን በጽሑፍ ካቀረብን በአንቀጽ 82 መሠረት ማቅለያ ይሆንለታል? ሽማግሌዎቹስ ራሳቸው ችሎት መቅረብ አለባቸው? ገደብስ (ቅጣቱ ታግዶ ከእስር ውጭ እንዲቆይ) የሚጠየቀው አሁን ነው ወይስ ቅጣቱ ከተወሰነ በኋላ?

እናታችን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። የምመልስላት አጣሁ።